ሥራም ጸሎት ከሆነ፣ እሑድ የስፌት መኪናው ለምን ይቆማል?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ ከዚራ በተባለው ሰፈር አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት አላቸው፤ ሦስት ሰፊዎች አብረዋቸው ይሠራሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ኦርቶዶክሳውያን፣ አንዱ ሙስሊም ናቸው። ነሐሴ ሲገባ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ስለሚከማች ላለፉት ሁለት ዓመታት ወሩን ሙሉ እሑድንም ጨምረው እንደሠሩ ገልጸዋል። ደብዳቤያቸው እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ ‹ሥራም ጸሎት ነው፤ ልጆችሽን ለማሳደግ ስትለፊ እግዚአብሔር አይቀየምሽም› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹እናንተ ካቶሊኮች ቅዳሜን አታከብሩ፣ የወር በዓል አታከብሩ፣ አሁን እሑድንም ተዋችሁት› አለችኝ። ሙስሊሙ ሠራተኛዬ ዓርብ ለጁምዓ ስለሚወጣ እሑድን እኔ ልሥራ ይላል። ቤት የምታግዘኝ ልጅ ባትኖር ይህንንም አልችለውም ነበር። ቤተ ክርስቲያኔ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት በእርግጥ የምታስተምረው ምንድን ነው?»

ውድ እኅቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥዎ። ባለቤትዎ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ቀን የሚሠራ ሥራ ሁሉ ኃጢአት ነው አትልም፤ በየዓመቱ ወሩን ሙሉ እሑድን ለዩኒፎርም ትእዛዝ አሳልፎ መስጠትን ግን በአስገዳጅ ሁኔታ ስም አትቀበለውም። ምክንያቱን ለማስረዳት ከዕረፍት ሳይሆን ከሥራ መጀመር ይኖርብኛል፤ ሥራን አሳንሶ ያየ ሰው ዕረፍትንም አምልኮንም አሳንሶ ማየቱ አይቀርምና።

እኛ ዘንድ የሥራ ነገር ሲነሣ ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» የሚለው ቃል ነው፤ ከዚህም ተነሥቶ ብዙ ሰው ሥራን የአዳም ቅጣት አድርጎ ይቆጥረዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ንባቡን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ መልሳ ትጀምረዋለች። ሰው ገና ሳይበድል በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ስለዚህ ሥራ ከበደል በፊት የተሰጠ ክብር ነው፤ በበደል ምክንያት የመጣው ድካሙ፣ እሾኹና አሜከላው ነው። ከዚህም ሌላ፣ በዚሁ ቁጥር «ማበጀት» እና «መጠበቅ» ተብለው የተተረጐሙት ሁለቱ የዕብራይስጥ ግሦች በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 3 ሌዋውያን በመገናኛው ድንኳን ለሚፈጽሙት አገልግሎት የዋሉት እነዚያው ናቸው። አትክልት የሚኮተኩተውና ድንኳኑን የሚያገለግለው በአንድ ቃል ይጠራሉ ማለት ነው። የግእዝ ልጆች ለሆንን ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ «ግብር» ሥራ ነው፣ «ገብር» አገልጋይ ነው፣ የሁለቱም ሥር «ገብረ» ነው፤ ልጃችንን ገብረ ማርያም ብለን ስንጠራ በዚህ ሥር መጥራታችን ነው።

ስለ ሰው ሥራ ከተጻፉት የቤተ ክርስቲያን ሰነዶች ውስጥ ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት «ላቦሬም ኤክሰርቸንስ» የተባለው ሐዋርያዊ መልእክት ነው። ጸሐፊው ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም፤ በወጣትነታቸው፣ በጀርመን ወረራ ዘመን፣ በክራኮው ከተማ በድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ቀጥሎም በኬሚካል ፋብሪካ የጉልበት ሥራ ሠርተዋል። መልእክቱ ሥራን በሁለት ገጹ ያየዋል፤ አንደኛው ገጽ የሚመረተው ነገር፣ መሣሪያውና ስልቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚሠራው ሰው ራሱ ነው። በእርስዎ ቤት ቋንቋ ልናገረው፦ በአንድ ቀን የሚወጡት ኮትና ሱሪዎች፣ የኦቨርሎኩ ፍጥነት፣ የክሩ ጥራት የመጀመሪያው ገጽ ናቸው። አጎንብሳ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው፣ በሥራዋ ትዕግሥትን የምትማረው ወይም በሥራዋ የምትሰበረው ሴት ሁለተኛው ገጽ ናት። የሥራን ዋጋ የሚወስነው ይህ ሁለተኛው ገጽ ነው፤ ጳጳሱም «ሥራ ለሰው ነው፣ ሰው ለሥራ አይደለም» ይላሉ። ጌታ «ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም» (ማር. 2፥27) ካለው ጋር አጠጋግተው ያንብቡት። ሥራም ሰንበትም ለአንድ ባለቤት፣ ለሰው፣ የተሰጡ ናቸው፤ ስለዚህም አንዱ ሌላውን ሊውጠው አይገባም።

እዚህ ላይ ወደ ባለቤትዎ ቃል እንመለስ። «ሥራም ጸሎት ነው» የሚለው አባባል ከጥንት የመጣ ሥር አለው። ስለ አባ እንጦንስ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ እንዲህ ነው፦ በበረሃው ተቀምጦ ሳለ ልቡ በጭንቀት ተይዞ «መዳን እወዳለሁ፣ አሳቤ ግን አይተወኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጸለየ። ወዲያው እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲፈትል፣ ከዚያም ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲፈትል፣ ደግሞም ለጸሎት ሲነሣ አየ፤ እርሱም መልአክ ነበር። «እንዲሁ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። ልብ ማለት የሚገባን መልአኩ ገመዱን እየፈተለ በዚያው እንዲቀጥል አለማስተማሩን ነው። ተቀመጠ፣ ተነሣ። ሥራው ጸሎትን የሚጠራው ሠራተኛው ከሥራው ሊነሣ ሲችል ነው። ከመኪናው ላይ መነሣት የማይችል ሰው ሥራው ጸሎት ሆነለት ከማለት ይልቅ ጌታ ሆነበት ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

ሥራ ጸሎት የሚሆንበትን መንገድ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ ቁጥር 34 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። የምእመናን ሥራ፣ ጸሎት፣ የትዳርና የቤተሰብ ኑሮ፣ የዕለት ድካም፣ የአካልና የአእምሮ ዕረፍት ጭምር፣ በመንፈስ ከተፈጸሙ መንፈሳዊ መሥዋዕት ይሆናሉ፤ በቅዳሴም ከጌታ ሥጋ ጋር ለአብ ይቀርባሉ። ስለዚህ የስድስቱ ቀን ስፌት የሚቀርብበት መሠዊያ አለው፣ ቀን አለው። በእኛ በሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት (እንደ ሀገረ ስብከት ባለው የቤተ ክርስቲያን ክልል) በሚቀደሰው የላቲን ሥርዓት ካህኑ ኅብስቱን ከፍ አድርጎ ሲያቀርብ የምድር ፍሬና የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ይናገራል። ወደ መሠዊያው የሚወጣው ስንዴ አይደለም፣ ዳቦ ነው፤ የወይን ዘለላ አይደለም፣ የወይን ጠጅ ነው። የገበሬ፣ የወፍጮ ቤትና የጋጋሪ እጅ ያላለፈበት ነገር በዚያ ጠረጴዛ ላይ አይቀርብም።

ይህን ጸሎት በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ የአባቴ እጅ ነው። አባቴ ድሬዳዋ በባቡሩ ጥገና ክፍል ይሠራ ነበር። እሑድ ማለዳ ጓሮ ቁጭ ብሎ እጁን መጀመሪያ በላምባ፣ ቀጥሎ በአመድና በሳሙና ሲፈትግ ይቆያል፤ እናቴ ውኃ ታፈስለታለች። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን አጣጥፎ ለቁርባን ሲቀርብ ግን ከጥፍሩ ሥርና ከጣቱ ስንጥቅ የገባው ጥቁር ግራሶ አይለቅም ነበር። በልጅነቴ አፍርበት ነበር፤ የሰው እጅ ሥራ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የተረዳሁት ግን ከዚያ እጅ ነው። ባቡሩ እሑድም ይሄድ ስለ ነበር አባቴ ተራው ሲደርስ በሰንበት ይገባል፤ ስለዚህ ጉዳይ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዕረፍት እንለፍ። ብዙዎቻችን ዕረፍትን የሥራ ጅራት አድርገን እናየዋለን፤ ሰው የሚያርፈው ነገ በደንብ እንዲሠራ ነው እንላለን። እንዲህ ከሆነ ዕረፍት ለመኪና ዘይት እንደ መጨመር ነው፤ መኪናው ሳይጮህ እስከ ሄደ ድረስ ሊቀር ይችላል። ቅዱስ መጽሐፍ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ሰው የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ሰው ሙሉውን ያየው የመጀመሪያ ቀን ሰባተኛው፣ የዕረፍቱ ቀን ነበር። ገና ምንም ሳይሠራ ዐረፈ። ክርስቲያኖች ደግሞ የትንሣኤውን ቀን ይዘን ዕረፍቱን በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ አደረግነው፤ ይህንንም የቀኖቻችን ስም ራሱ ያስታውሰናል። እሑድ ከ«አሐዱ» ነው፣ አንደኛው ቀን ማለት ነው፤ ሰኞ ከ«ሰኑይ» ነው፣ ሁለተኛው ማለት ነው። ሰኞን የሳምንቱ መጀመሪያ ማድረግ የመሥሪያ ቤት ልማድ ነው። በአማርኛችን አቈጣጠር ሰው ወደ ሥራ የሚገባው ከዕረፍትና ከአምልኮ ወጥቶ ነው።

ሦስተኛው ትእዛዝ በኦሪት ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ምክንያቱ ግን ይለያያል። በዘጸአት ምዕራፍ 20 «በስድስት ቀን ሰማይንና ምድርን ፈጥሮ በሰባተኛው ስላረፈ» ይላል። በዘዳግም ምዕራፍ 5 ግን ምክንያቱ በግብፅ ባሪያ የነበርህ መሆንህን አስብ የሚል ነው፤ በዚያም «ወንድ ባሪያህና ሴት ባሪያህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ» የሚል ቃል ይገኛል። ይህን ቃል ቀስ ብለው ያንብቡት። ትእዛዙ በመጀመሪያ የሚናገረው ከበታቹ ሰው ላለው፣ ማቆምም ማሠራትም ለሚችል ሰው ነው፤ ዛሬ ለአሠሪ ማለት ነው። ባሪያው ልረፍ ቢልም በራሱ ሥልጣን ማረፍ አይችልምና። ፈርዖን በዘጸአት ምዕራፍ 5 ሕዝቡ ሄደን ለእግዚአብሔር እንሠዋ ባሉት ጊዜ የመለሰው «ሰነፎች ናችሁ» የሚል ነበር፤ ገለባውንም ከልክሎ የጡቡን ቍጥር እንዳለ አቆየባቸው። አምልኮን ስንፍና አድርጎ ማየትና ኮታን አለመቀነስ በዚያ ታሪክ አብረው የሚሄዱ ናቸው። እርስዎን ከፈርዖን ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ይሁንና በደብዳቤዎ የጠየቁኝ ስለ ራስዎ ኃጢአት ብቻ መሆኑን ሳላስተውል አላለፍኩም። ትእዛዙ ግን ከእርስዎ ጋር ሌሎች አራት ሰዎችን ይቈጥራል።

አራት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ሦስቱ ሰፊዎች ናቸው፤ አራተኛዋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለፏት፣ ቤት የምታግዝዎ ልጅ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሰፊዎችዎ በየሰባቱ ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣቸዋል፤ ዕረፍቱም በተቻለ መጠን እሑድ ቀንና ለሁሉም በአንድነት እንዲሆን ያዛል። የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አትታቀፍም። የሀገሩ ሕግ ከደጅ ያስቀራትን ሴት ኦሪት «ሴት ባሪያህ» ብላ በስሟ አስገብታታለች። በብዙ ካቶሊካውያን ቤቶች የማየውን ልናገር፦ ቤተሰቡ በነጭ ልብስ አስቀድሶ ሲመለስ ቡናው ተፈልቶ፣ ሽሮው ተንተክትኮ፣ የልጆቹ ልብስ ታጥቦ ይጠብቃል፤ ይህን ያዘጋጀችው ልጅ ግን ያስቀደሰችበትን እሑድ አታስታውስም። የአንዱ ሰንበት በሌላዋ ትከሻ ላይ ሲቆም ሰንበት መሆኑ ያጠራጥራል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2187 ላይ እያንዳንዱ ክርስቲያን የጌታን ቀን እንዳያከብር የሚያደርግ አላስፈላጊ ሸክም በሌላው ላይ ከመጫን እንዲጠበቅ ያሳስባል፤ በቁጥር 2172 ደግሞ ሰንበትን በሥራ ባርነትና በገንዘብ አምልኮ ላይ የቆመ ተቃውሞ አድርጎ ይገልጸዋል። ልጅቱ የምትከተለው ሃይማኖት የትኛውም ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን የራሷ ሊሆን ይገባል።

ዕረፍት ያለ በቂ ክፍያ ባዶ ቃል መሆኑንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ሁለቱን ነገሮች አብረው አንሥተዋል። በአንድ በኩል ለሠራተኛው የሰንበት ዕረፍት መብቱ ነው፤ ዕረፍቱም ሥራ መፍታትና ገንዘብ ማባከኛ ሳይሆን በአምልኮ የተቀደሰ ሊሆን ይገባል አሉ። በሌላ በኩል ሠራተኛው ተስማምቶ የፈረመበት ደመወዝ እንኳ ቢሆን፣ በቁጠባ የሚኖርን ሰው የማያኖር ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም አሉ። ሰፊዎችዎ የሚከፈላቸው በሰፉት ልብስ ብዛት ከሆነ፣ እሑድ መዝጋት ለእነርሱ የአንድ ቀን እንጀራ መቀነስ ነው፤ እንዲሁ ዘግተው ቢሄዱ የትእዛዙን ዋጋ እነርሱ ይከፍሉልዎታል። ሒሳቡን በስድስት ቀን ኑሯቸው እንዲሸፈን አድርጎ ማስተካከል የሰንበት አከባበር አንዱ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። አዋጁ በሳምንታዊ ዕረፍት ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት እጥፍ ክፍያ አስቀምጧል፤ ይህ መከፈል አለበት፤ እጥፍ ብር ግን እሑዱን አይመልሰውም።

የዕረፍቱን መልክ በተመለከተ ብዙ አልልም። ድሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ በሙቀቱ ምክንያት ሱቋን መዝጋት የምታውቅ ከተማ ናት፤ ማቆምን ከማንም መማር አያስፈልጋትም። ችግሩ ከሰዓት በኋላውን በርጫ ላይ ተቀምጦ ውሎ እሑድ ማታ ደክሞና ገንዘቡን ጨርሶ የሚነሣ ሰው ዐርፌአለሁ ማለቱ ነው። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ጌታ ቀን በጻፉት መልእክት የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ የጌታን ቀን ተክቶ እንዳይገኝ ያስጠነቅቃሉ። የታመመን መጠየቅ፣ ዘመድን መጎብኘት፣ ከልጆች ጋር መዋል፣ መተኛትም ጭምር፣ የዕረፍቱ ክፍል ናቸው።

ወደ ጎረቤትዎ ቃል ስንመጣ፣ መልሱን በንቀት እንዳይሰጡ እለምንዎታለሁ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ሰንበታት፣ ቀዳሚት ሰንበትንና ሰንበተ ክርስቲያንን፣ የምታከብረው በረጅም ታሪክ ውስጥ አልፋ ነው፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ብዙ ተሰደውበት፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸና ሥርዓት ነው። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜን እንደ ሰንበት የመጠበቅ ግዴታ በምእመናኗ ላይ አትጥልም፤ የኦሪቱ ሰንበት ፍጻሜውን በትንሣኤው ቀን አግኝቷል ብላ ታስተምራለችና። በየወሩ በሚውሉት የቅዱሳን በዓላትም ሥራ ማቆምን በግዴታ አታዝዝም። ስለዚህ ጎረቤትዎ ስለ ቅዳሜና ስለ ወር በዓል ያሉት የሥርዓት ልዩነት ነው። ስለ እሑድ ያሉት ግን ወቀሳ ነው፤ እውነተኛ ወቀሳ ስለሆነም ቢቀበሉት ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ ሁለቱ ኦርቶዶክሳውያን ሠራተኞችዎ እሑድ ለማስቀደስ ፈቃድ ይጠይቁዎት እንደሆነ፣ ወይስ እንጀራቸውን ፈርተው ዝም ይሉ እንደሆነ ከደብዳቤዎ አልገባኝም።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ራሱ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. የ1917ቱ ቀኖና በእሑድ የጉልበት ሥራን፣ የፍርድ ቤት ክርክርንና የአደባባይ ገበያን ይከለክል ነበር፤ በዚያ አነጋገር መርፌና መኪና የያዘ ሰው ራሱን በቀጥታ ያገኘው ነበር፣ ጸሐፊው ግን እቤቱ ተቀምጦ መዝገብ ሲሞላ ቢውል ነፃ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ ቀኖና በቁጥር 1247 መለኪያውን ለውጦታል፤ የሥራውን ዓይነት ትቶ ሥራው የሚያደናቅፈውን ነገር ይጠይቃል። ለእግዚአብሔር የሚገባውን አምልኮ፣ የጌታን ቀን ደስታ፣ ተገቢውን የአካልና የአእምሮ ዕረፍት የሚያደናቅፍ ሥራና ጉዳይ ሁሉ ይቅር ይላል፤ ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ የምሕረት ሥራን ይጨምርበታል። የግእዝ ሥርዓት ለሚከተሉ ካቶሊካውያን የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. የ1990ው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖናም በዚህ ነጥብ አሳቡ አንድ ነው። በዚህ መለኪያ እሑድ ከሰዓት የልጅዎን የተቀደደ ኪስ ቢጠቅሙ ማንም አይከስዎትም፤ አርባ ዩኒፎርም ለማድረስ ከንጋት እስከ ማታ መኪና ላይ መዋል ግን አራቱንም ይነካል።

የቤተሰብ ችግርና ለማኅበረሰቡ የሚሰጥ አስፈላጊ አገልግሎት ከዕረፍቱ ግዴታ ነፃ እንደሚያደርጉ ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2185 ይናገራል፤ አባቴ በሰንበት ባቡር ለመጠገን ሥራ ይገባ የነበረው በዚህ ነው፣ ነርሷም ወደ ሆስፒታል የምትሄደው በዚህ ነው። የዛሬን ሽጣ የዛሬን የምትበላ የጉሊት ሴትም በዚህ ውስጥ ናት፤ እርሷን በእሑድ ተቀምጣ በማየት የሚፈርድ ሰው ቢያንስ ቅዳሜ ዕለት ከእርሷ ሳይከራከር ይግዛ። የእርስዎ ጉዳይ ግን፣ በጨዋነት ልናገረው፣ ከዚህ የተለየ ነው። ትምህርት መስከረም ላይ እንደሚከፈት በመስከረም ሁሉ የታወቀ ነው። ከአቅም በላይ ትእዛዝ ተቀብሎ ቀኑ ሲደርስ መጨነቅ በራስ ፊርማ የመጣ ጥድፊያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን «አስገዳጅ» የምትለው እንዲህ ያለውን አይደለም። በአንድ ዓመት አንድ እሑድ፣ መብራት ጠፍቶ ወይም ሰፊ ታሞ ሥራው ከተስተጓጐለ፣ ጠዋት አስቀድሰው፣ ሠራተኛ ሳያስገድዱ፣ ምትክ ቀን ሰጥተው ቢጨርሱ ነገሩ ሌላ ነው። ለዚህም ቢሆን የቁምስናዎን ቆሞስ፣ ማለትም የአጥቢያዎን ኃላፊ ካህን፣ አስቀድመው ያማክሩ፤ በቀኖና ቁጥር 1245 መሠረት ለተገቢ ምክንያት ከግዴታው ማሰናበት ወይም በሌላ መንፈሳዊ ተግባር መለወጥ ይችላሉ።

ሰው በቅን ልብ እሑድን ማረፍ ካልቻለ አምልኮው ቀረ ማለት እንዳይመስልዎት አንድ ታሪክ ልጨምር። ክርስቲያኖች በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት እሑድን የሚያሳርፋቸው ሕግ አልነበራቸውም። ሮማዊው ገዥ ፕሊኒ እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ትራያን በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው እንደሚዘምሩ ይናገራል፤ ብዙዎቹ ባሮችና የእጅ ባለሙያዎች ስለነበሩ ሲነጋ ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። እሑድን የዕረፍት ቀን ያደረገው ሕግ የመጣው በቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 ነው። ከዚያ 17 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ304 በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ዘመን፣ በሰሜን አፍሪካ በአቢቲና 49 ክርስቲያኖች በእሑድ ጉባኤ ተይዘው ለምን የንጉሡን ትእዛዝ እንደ ጣሱ ሲጠየቁ፣ ያለ ጌታ ቀን ጉባኤ መኖር አንችልም ሲሉ መለሱ። እነዚህ ሰዎች ዕረፍቱ ሳይኖራቸው አምልኮውን ጠበቁ። ዛሬ በፋብሪካ ፈረቃ የተያዘ ወጣት መንገዱ የእነርሱ ነው፤ የፈረቃውን ሰዓት የሚያወጣው አለቃው ግን በእነርሱ ታሪክ ሊሸሸግ አይችልም።

የሙስሊሙን ሠራተኛዎን ነገር በመጨረሻ ያቈየሁት ቀላል ስላልሆነ ነው። ዓርብ ለጁምዓ መውጣቱ መብቱ ነው፣ ሊያካክሰው የሚገባ ዕዳ አይደለም፤ እሑድን በምትኩ እሠራለሁ ማለቱ ከጨዋነቱ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ከዚህ ዕዳ ያሳርፉት። እርሱ በካቶሊካዊ የእሑድ ግዴታ አይታሰርም። ነገር ግን እርሱ እሑድ እንዲሠራ ቤቱን የሚከፍት፣ ጨርቁን በጠመኔ ለክቶ የሚቈርጥለት፣ ደንበኛ መጥቶ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው እርስዎ ነዎት። በተጨማሪም አዋጁ ዕረፍቱ ለሁሉም በአንድነት ይሁን ያለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሦስቱ ባልንጀሮች በተለያየ ቀን ካረፉ ሠርግና ለቅሶ አብረው የሚደርሱበት ቀን አይኖራቸውም። በእኔ ግምት የሚሻለው እሑድ ለሁሉም ዘግቶ፣ ለእርሱ የዓርቡን ሰዓት ሳይቈርጡ መስጠት ነው።

ቅዳሜ ማታ ስለሚቀደሰው ቅዳሴም በደብዳቤዎ ግርጌ ጠይቀውኛል። በቁምስናዎ የሚቀደስ ከሆነ፣ በቀኖና ቁጥር 1248 መሠረት በዋዜማው ማታ ማስቀደስ የእሑዱን የቅዳሴ ግዴታ ይፈጽማል። የዕረፍቱን ግዴታ ግን አይፈጽመውም፤ እርሱ ራሱን ችሎ በቁጥር 1247 የቆመ ነው፣ የሚጸናውም በእሑዱ ቀን ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ አስቀድሰው እሑድ በማለዳ መኪናውን ቢከፍቱ የቅዳሴ ግዴታዎን ፈጽመዋል፣ የሰፊዎቹ ዕረፍት ግን ገና ዕዳ ነው። ስለዚህ የዘንድሮውን የትእዛዝ መዝገብ ሲከፍቱ ነሐሴን በ26 የሥራ ቀን ያስሉት፤ ከዚያ በላይ ለሚመጣ ትምህርት ቤት የሚያደርሱበትን ቀን ወደ መስከረም አጋማሽ ይጻፉለት።